የራስ ድረ ገጽ፦ እውነት ወይስ ተረት?

«ዌብሳይት መሥራት የፕሮግራመር ሥራ ነው» ይባላል። ተረት ነው። ኤችቲኤምኤል የፕሮግራም ቋንቋ አይደለም፤ ይህ ርዕስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህን ሲነኩት ወደዚያ ይወስዳል እያለ ለብራውዘር የሚናገር ምልክት ነው። ኖትፓድ ላይ ይጻፋል፣ ይቀመጣል፣ ይከፈታል። ለመጀመሪያ ገጽ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

«ገንዘብ ይጠይቃል» የሚለውም በከፊል ነው እውነቱ። ለራስ ዶሜይን በየዓመቱ ይከፈላል፤ ጂትሃብ ፔጅስና ኒዮሲቲስ ግን ገጽን በነፃ ያስቀምጣሉ።

«አማርኛ ዌብ ላይ ያስቸግራል» የትናንት እውነት ነው። ፊደላችን የዓለምን ፊደላት በጋራ ኮድ በሚያስቀምጠው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት ሶፍትዌሩ ሁሉ ፊደሉን በየራሱ ኮድ ያስቀምጥ ስለነበር፣ ያው ፎንት የሌለው አንባቢ የሚያየው ዝብርቅርቅ ምልክት ነበር። ዛሬም እንዲህ ያለ ነገር ሊገጥም ይችላል፤ እኔን ገጥሞኛል። የእማዬን የድፎ ዳቦ አሠራር ገጽ አድርጌ ለወንድሜ ላክሁለት። ስልኩ ላይ አንዷ «ሰ» ሦስት የላቲን ምልክት ሆና መጣች። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ዩኒኮድ ፋይል ላይ የሚጻፍበት ዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ያስቀምጣል፤ ብራውዘሩ ይህ ስላልተነገረው ባይቶቹን ለየብቻ አነበባቸው። ከገጹ ራስ ላይ ሜታ ቻርሴት የሚባለውን አንድ መስመር ጨመርኩና ከኮባው አጠባ እስከ ድንብላሉ ሁሉም ተነበበ። ፊደላችን ቁመቱ የሞላ ስለሆነ የገጽን መልክ በሚወስነው በሲኤስኤስ መስመሮቹን ትንሽ ማራራቅም ዓይን ያሳርፋል።

ትልቁ ተረት ግን «ፌስቡክና ቴሌግራም እያሉ የራስ ገጽ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። የሰው ቤት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ አብሮ ይዘጋበታል። ጂኦሲቲስ ላይ እጅግ ብዙ ሰዎች የግል ገጻቸውን ሠርተው ነበር፤ ያሁ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲዘጋው ፈቃደኞች የቻሉትን ያህል ገልብጠው አተረፉ እንጂ ገጾቹ ከቦታቸው ጠፉ። ነፃ ማስቀመጫም ነገ ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ዋናው ፋይል እጃችን ላይ ይሁን። ፋይሉ ካለ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፋይሉ አያረጅምም። የዌብ ፈጣሪው ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ማዕከል የሠራው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ማገናኛ ብቻ ነው፤ ሰርን በቀድሞ አድራሻው መልሶ አስቀምጦታልና በዛሬ ስልክ ያለ ምንም ችግር ይከፈታል።

የእኔ ፋይል ኮምፒውተሬ ላይም ፍላሽ ላይም አለ። ባለፈው እማዬ ገጹን አይታ «ድንብላሉ በዝቷል» አለችኝ። ከፍቼ «ሁለት የሻይ ማንኪያ» የሚለውን «አንድ» አደረግሁትና ለወንድሜ መልሼ ላክሁለት። ሊጥ ሊያቦካ ገጹን ሲከፍት የተስተካከለውን አገኘ።