ከወሎንኮሚ የተነሱት የማሽላ ሰው፦ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ምን ሠርተው ነው የተሸለሙት?

በምረቃ ሰሞን ፌስቡክና ቴሌግራም በጋዋን ፎቶ ይሞላሉ። "በምን ተመረቅሽ?" ተብሎ "በዕፅዋት ሳይንስ" የሚል መልስ ሲመጣ ግን ኮመንቱ ቀዝቀዝ ይላል። "እርሻ ደረሰኝ" ብሎ የሚያዝን ተማሪ ስንት ነው! ዛሬ የምናወራችሁ በዚሁ ትምህርት ስለተመረቁ አንድ የምዕራብ ሸዋ ሰው ነው። ስማቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ሥራቸው ግን "ታላቅ ሳይንቲስት" ተብሎ ይታለፋል እንጂ በቅጡ ሲብራራ አናይም። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው።)

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ1950 ወሎንኮሚ ተወለዱ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስትሄዱ አዲስ ዓለምን አልፋችሁ ጊንጪ ሳትደርሱ የምታገኟት ናት። ያደጉት ባለ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ውስጥ ነው። ልጄ ይማርልኝ ብለው የቆረጡት እናታቸው ናቸው፤ ጎረቤት ከተማ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ያመቻቹላቸውም እሳቸው። እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ይሄዳሉ፣ ሳምንቱን ተምረው ዓርብ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። ባጃጅ የለ፣ ምን የለ።

8ኛ ክፍልን ሲጨርሱ በውጤታቸው ጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት ገቡ። ቀጥሎ ዓለማያ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ። በ1973 በዕፅዋት ሳይንስ ዲግሪያቸውን ያዙ። በነገራችን ላይ አምቦ ዩኒቨርሲቲም ሥሩ እርሻ ነው፤ በ1947 ሲጀመር የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር።

በተመረቁበት ዓመት ጆን አክስቴል የተባሉ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የማሽላ ዝርያ ሊሰበስቡ መጡ። ወጣቱ ገቢሳ አብረው ዞሩ። አክስቴል ሥራቸውን አይተው ተማሪዬ ሁን አሏቸው፤ በ1974 ፐርዱ ገቡ። አገር ቤት ደግሞ ያኔ ምን እንደመጣ ታውቃላችሁ። ለ25 ዓመት ያህል ሳይመለሱ ቀሩ።

ዶክትሬታቸውን ይዘው የሄዱት ሱዳን ነው። እዚያ ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ሆነው "ሃጂን ዱራ-1" የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ አወጡ፤ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። በሙከራ ማሳ ላይ ከነባሩ ዝርያ ከ50 እስከ 100 በመቶ የበለጠ ምርት ሰጥቷል። እስከ 1999 ድረስ 1 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም ወደ 400 ሺህ ሄክታር ገደማ፣ ተዘርቶ ታጨደ።

ትልቁ ሥራቸው ግን አቀንጭራ ላይ ነው።

ወሎ ወይም ትግራይ ማሽላ የሚያመርት ዘመድ ያላችሁ አቀንጭራን ታውቁታላችሁ። አበባው ያምራል፣ ሥራው ግን ሌባ ነው። በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን ይመጣል። ከአፈር ወጥቶ እስኪታይ ድረስ ጉዳቱን አድርሷል፤ ያኔ ብታርሙትም ብዙ አይጠቅምም። ዘሩ አቧራ ያህል ደቃቅ ነው፣ አንድ ተክል በአሥር ሺዎች ይረግፍበታል፣ አፈር ውስጥ ደግሞ እስከ 20 ዓመት ተኝቶ ይጠብቃል።

የሚጠብቀው ምንድን ነው? ማሽላ አፈሩ ሲደኸይበት ከሥሩ ኬሚካል ያመነጫል። ጠቃሚ ፈንገሶች መጥተው እንዲያግዙት የሚጠራበት ነው። አቀንጭራም ይቺን ጥሪ ጠልፎ ይሰማል፤ "ምግብ መጣ" ብሎ ይነቃል። ለዚህ ነው ደሃ መሬት ላይ የሚብሰው።

ፕሮፌሰር ገቢሳና የፐርዱው የባዮኬሚስትሪ ባለሙያ ላሪ በትለር የያዙት ይቺን ጥሪ ነው። ጥሪው ደካማ የሆነ ማሽላ ቢገኝ አቀንጭራው አይነቃም። እንዲህ ያለውን ዝርያ በአቀንጭራ የተወረረ ማሳ ላይ ዘርቶ ክረምቱን ሙሉ ከመጠበቅ ይልቅ፣ የማሽላና የአቀንጭራ ዘር በላብራቶሪ ሳህን ላይ አብሮ አድርጎ የሚነቃውን መቁጠር የሚያስችል ዘዴ አወጡ። የተገኘውን ጠባይ ጥሩ ምርት ከሚሰጡ ዝርያዎች ጋር አዳቀሉት። በ1994 ስምንት ቶን ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተከፋፈለ፣ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። እኛ ጋ "ጎብዬ" እና "አብሽር" በሚል ስም ለገበሬ የተለቀቁት ዝርያዎች ከዚሁ ሥራ የመጡ ናቸው። (አብሽር! ስም ያወጣው ሰው ይባረክ።) ነገሩን የሚቆጣጠረው ጂን ማንነቱ የታወቀው ግን በ2017 ነው፤ ጂኑ ሲጎድል ማሽላው አቀንጭራን እምብዛም የማይቀሰቅስ ሌላ ዓይነት ኬሚካል ያመነጫል።

በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ከ250 ሺህ ዶላር ጋር ተቀበሉ። በ2023 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ዋይት ሐውስ ውስጥ ተሸልመዋል።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ዜናዎች ሲዘግቡ ይቺን ይዘሏታል። ዘሩ ብቻውን በቂ ነው ብለው አያውቁም። ከ2002 ጀምሮ በመሩት ፕሮግራም ገበሬው ዘሩን የሚያገኘው ከማዳበሪያና እርጥበትን አፈር ውስጥ ከሚያቆይ አሠራር ጋር ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ መሬቱ እንደደኸየ ከቀጠለ ማሽላው ጥሪውን ያበዛል፣ አፈር ውስጥ ያለው ዘር ደግሞ 20 ዓመት መጠበቅ ይችላል።