የዓባይ በር ደሴት
ስለ ደብረ ማርያምና ስለ ታላቁ ወንዝ ለቤተ ሰብ የሚነገር ታሪክ

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ አበርገሌ ቈላ የሚወርድ መንገደኛ በመጨረሻ የሚያገኘው ተከዜን ነው። ከአባቱ ጋራ ፍየል ሲጠብቅ ያደገ የአበርገሌ ልጅ ወንዙን ባየ ቍጥር የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም፤ «አባባ፤ ይህ ሁሉ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ነው። አባትም፤ «ወደ ሱዳን ነው፥ ልጄ» ብሎ ነገሩን ያሳጥረዋል። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ተከዜ ከአገሩ ሲወጣ ሰቲት ይባላል፤ ከዚያም ከአትባራ ወንዝ ጋራ ተቀላቅሎ በሱዳን አገር በአትባራ ከተማ አጠገብ ከታላቁ ዓባይ ይገባል። እንግዲህ በአበርገሌ ግርጌ ያለፈው ውሃና ከጣና ባሕር የወጣው ውሃ በዚያ ስፍራ ተገናኝተው አንድ ሆነው ወደ ምስር ይወርዳሉ ማለት ነው።

ስለዚህ የተከዜን ልጅ የዓባይንም ነገር ማስተማር ተገቢ ነው። የዓባይን ነገር ለማስተማር ደግሞ ወንዙ ከጣና ከሚወጣበት በር ላይ ከተቀመጠች ከአንዲት ትንሽ ደሴት የበለጠ ጥሩ መነሻ አይገኝም። የደሴቲቱ ስም ደብረ ማርያም ነው። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዘመናት ሁሉ፥ የመቶ ዓመቱ ቍጥር ሳይቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ጣና ከ30 የሚበልጡ ደሴቶች ያሉበት ሰፊ ባሕር ነው። ብዙዎቹ ደሴቶች ገዳም ያለባቸው ናቸው። ደብረ ማርያም ከእነዚህ መካከል ለባሕር ዳር ከተማ ቅርብ ከሆኑት አንዷ ናት፤ በስተ ደቡብ፥ ባሕሩ ወንዝ ወደሚሆንበት ስፍራ ትገኛለች። ወደ እርስዋ የሚሻገር ሰው ከደንገል በተሠራ ታንኳ ተቀምጦ ይቀዝፋል። በአካባቢው ጉማሬ ስለሚገኝ ቀዛፊው ዓይኑን ከውሃው ላይ አያነሣም። ወደ አንድ ወገን ቢያዩ እስከ አድማስ የተዘረጋ ባሕር ነው፤ ወደ ሌላው ወገን ቢያዩ ውሃው ተሰብስቦ መሄድ ይጀምራል። በግንቦት 2016 ተመርቆ የተከፈተው አዲሱ የባሕር ዳር የዓባይ ድልድይም ከዚህ በታች በወንዙ ላይ ተዘርግቷል።

የደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን በ14ኛው መቶ ዓመት እንደ ተመሠረተች፥ ኋላም ዐፄ ቴዎድሮስ እንዳሳደሷት ይነገራል። አባቶች ለጸሎት ደሴትን የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በየብስ ያለ ደብር ቅጥር ያስፈልገዋል፤ ቅጥሩንም ጠላት ያፈርሰዋል። የደሴት ደብር ግን ቅጥሩ ውሃው ነው። በግራኝ አሕመድ ዘመን በደጋውና በቈላው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ የጣና ደሴቶች ለንዋየ ቅድሳትና ለመጻሕፍት መሸሸጊያ ሆነዋል። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርአ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ተጠብቆ ይኖራል። በክብራን ገብርኤል ያሉት የብራና መጻሕፍት ከኢትዮጵያ የጥንት ሥዕልና ጽሕፈት ቅርሶች መካከል ስማቸው ከሚጠራው ናቸው። በጣና ቂርቆስም ጽላተ ሙሴ ወደ አክሱም ከመሄዱ በፊት ብዙ ዘመን እንደ ተቀመጠ መነኰሳቱ ይተርካሉ።

በዚህ ረገድ ለእናቶችና ለእኅቶች የሚሆን አንድ ቃል እንጨምር። ወደ ክብራንና ወደ ዳጋ ሴቶች አይገቡም፤ የቈየ የገዳም ሥርዓት ነውና። ወደ ደብረ ማርያም ግን ይሻገራሉ። በዚያች ደሴት ታሪኩ ከመነኰሳት ክፍል ብቻ አይገኝም። እናት ለልጅዋ፥ አያት ለልጅ ልጅዋ ከምትነግረውም ይገኛል።

በዚህ በር ላይ መጀመሪያ የቆመው ጸሎት ነበር። ሁለተኛው የመጣው ሌላ ሃይማኖትን በሥልጣን ለመትከል የፈለገ እንግዳ ነው። በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የሮም ካህናት በዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ትልቅ ሞገስ አገኙ። ከእነርሱ አንዱ ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባለው የእስጳንያ ሰው በሚያዝያ 1610 ከንጉሡ ጋራ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጽፏል። ኢየሱሳውያን በጣና ዳርቻ በጎርጎራ ተቀምጠው ነበር፤ በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ ያለው የቆየ የድንጋይ ሕንፃም ከእነርሱ ዘመን ጋራ ተያይዞ ይነገራል። የግንብ ሥራና የኖራ ብልሃት ማምጣታቸውን መካድ አይገባም። ነገር ግን በ1618 ንጉሡ ለሮም ፓትርያርክ ለአልፎንሶ ሜንዴስ ቃል ኪዳን ከገቡ በኋላ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፥ ካህናቱ ዳግመኛ ይሾሙ፥ የአባቶች ጾምና በዓል ይለወጥ የሚል ትእዛዝ ወጣ።

በዚህ ጊዜ የተነሣው ተቃውሞ ከጣና መነኰሳት ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ለዋግ ጎረቤት ከሆነው ከላስታ መልክአ ክርስቶስ የተባለ መሪ ብዙ ሠራዊት ይዞ ተነሣ። በ1624 ክረምት መግቢያ በወይና ደጋ ታላቅ ጦርነት ሆነ፤ ንጉሡም ድል አደረጉ። ነገር ግን በሜዳው ላይ ወድቀው ያዩዋቸው ብዙ ሺህ ሬሳዎች ቱርክም አረመኔም አልነበሩም፤ የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ እያንዳንዱ በአባቶቹ ሃይማኖት እንዲኖር ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው እንግዳን መጥላትን አይደለም። እንግዳ ሲመጣ ምን መማር እንደሚገባ፥ ምንንስ መጠበቅ እንደሚገባ መለየትን ነው።

ሦስተኛው ወደ ዓባይ በር የመጣው መስቀልም መጽሐፍም አልያዘም፤ የያዘው የውሃ መለኪያ ነበር። እንግሊዞች ምስርንና ሱዳንን ከያዙ በኋላ የጥጥ እርሻቸው ሕይወት በዓባይ ውሃ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ዐወቁ። ስለዚህ ግንቦት 7 ቀን 1894 ከዐፄ ምኒልክ ጋራ በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ውስጥ፥ በዓባይ፥ በጣናና በሶባት ላይ ውሃውን የሚያቆም ሥራ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ አስገቡ። ተከዜ ግን በዚያ አንቀጽ ላይ አልተጠቀሰም። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን አንቀጽ ሲተረጕሙ፥ ወንዙን ጨርሶ አለማቆም ማለት እንጂ በውሃው አለመጠቀም ማለት አይደለም ብለው ይከራከራሉ።

ከውሉ በኋላ መሐንዲሶች ተከታትለው መጡ። በ1895 አንድ የእንግሊዝ መሐንዲስ ጣናን መረመረ፤ በ1913ም ሌላ ጓድ መጥቶ የባሕሩን መውጫ ለካ። በ1899 እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ጥቅማቸው እርስ በርሳቸው ተዋውለው ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም ለወዳጅነታቸው ምስጋና አቅርበው ውሉ የመንግሥታቸውን ሥልጣን ከቶ እንደማይቀንስ አስታወቁ። በታኅሣሥ 1918 ደግሞ እንግሊዝና ኢጣልያ ደብዳቤ ተለዋወጡ። እንግሊዝ በጣና ላይ ግድብ እንድትሠራ ኢጣልያ ልትደግፍ፥ ኢጣልያም ከኤርትራ እስከ ሶማሊያ የባቡር ሐዲድ እንድትዘረጋና በምዕራብ ኢትዮጵያ የንግድ ሥልጣን እንዲኖራት እንግሊዝ ልትደግፍ ተስማሙ። የቤቱ ባለቤት ግን አልተጠየቀም።

በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን በሰኔ 1918 ለማኅበሩ ደብዳቤ ጽፈው ነገሩን በዓለም ፊት አቀረቡ። ሁለቱም መንግሥታት ኢትዮጵያን ለማስገደድ አላሰብንም ብለው ለመመለስ ተገደዱ። በ1920ም ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ተልከው ከጄ ጂ ዋይት የመሐንዲሶች ኩባንያ ጋራ ስለ ጣና ግድብ ተነጋገሩ። የዚህ ዘዴ ትርጕሙ፥ ግድብ የሚሠራ ከሆነ ባለቤቲቱ ኢትዮጵያ ትሁን፥ ሠሪውም በአገራችን ላይ የግዛት ምኞት ከሌለው ወገን ይምጣ ማለት ነበር።

እዚህ ላይ ወደ ትንሿ ደሴት እንመለስ። በካርታ ላይ ለሚሠራ የውጭ አገር መሐንዲስ ጣና የውሃ ጐተራ ነው፤ መውጫውን ቢዘጉት ወለሉ ከፍ ይላል፥ ውሃውም ለጥጥ ይጠራቀማል። በደብረ ማርያም ላለ ካህን ግን የውሃው ከፍ ማለት ሌላ ትርጕም አለው። ውሃው የሚነካው የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ፥ የአባቱን መቃብር፥ የጎረቤቱን ማሳ ነው። በወረቀት ላይ አንድ ክንድ የሚባለው ቍጥር በደሴት ላይ የአንድ ቤተ ሰብ ርስት ሊሆን ይችላል። ከ1918 እስከ 1926 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቈንስል የነበረው ቺዝማን የጣናን ደሴቶች እየዞረ አይቶ በመጽሐፍ አውጥቷቸዋል። ባሕሩን የሚለካ ሰው ደሴቶቹን በእግሩ ቢረግጥ፥ ውሃው ባዶ አለመሆኑን ያውቃል።

ኋላም መለኪያው በጠመንጃ ተተካ። በሚያዝያ 1928 የፋሺስት ጦር ከጐንደር ወርዶ ባሕር ዳርን ያዘ፤ በ1929ም የኢጣልያ አካዳሚ ሊቃውንቱን ልኮ ጣናን አስመረመረ። በዚያው ዓመት በግንቦት በደብረ ሊባኖስ መነኰሳቱ ተጨፈጨፉ፤ ከዚያ ወዲህ በአገሩ ሁሉ ያለ መነኰሴ ምን ሊመጣበት እንደሚችል ዐወቀ። ዋግም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ለጠላት አንገዛም ብለው በዋግ ተዋግተው በመስከረም 1930 ተሠዉ፤ ጠላትም ራሳቸውን አስቈረጠ። ጣናና ሰቆጣ ሩቅ ለሩቅ ቢሆኑም በዚያ ዘመን የከፈሉት ዋጋ አንድ ነበር። በ1933 ጠላት ሲወጣ ባሕሩም፥ ደሴቶቹም፥ መጻሕፍቱም ከባለቤቶቻቸው ጋራ ቀሩ።

ከዚያ ወዲህ ውሃውን የምንለካው እኛው ሆነናል። በ1956 በጢስ ዓባይ የመብራት ኃይል ተሠራ። በ1988 በዚያው በዓባይ በር ላይ የጨራጨራ መቈጣጠሪያ ተተከለ። በ2002 የጣና በለስ ሥራ ተመረቀ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። በአበርገሌ አጠገብም በ2002 የተከዜ ግድብ ተመርቆ፥ 188 ሜትር ከፍታ ባለው ግንብ የታቈረው ውሃ ቀድሞ ገደልና አሸዋ የነበረውን ስፍራ ባሕር አደረገው። ፍየል ጠባቂው መረብ መጣል ተማረ፤ የአበርገሌ ገበታም ዓሣ ዐወቀ። የጥንት አባቶች ይህን ቢያዩ ይደነቁ ነበር።

ነገር ግን ባለቤት መሆን ቀላል ነገር አይደለም። እንግዳው መሐንዲስ ደሴቲቱን ሳያይ ስለ ውሃው ብቻ ሲያስብ ተቈጥተን ነበር። እኛም በበኩላችን ውሃው ከፍና ዝቅ ሲል በዳርቻው ያለው ደብር፥ ማሳና መቃብር ምን እንደሚሆን ካልጠየቅን፥ የተቈጣነው በከንቱ ነው። ከ2004 ወዲህ በጣና ላይ የታየው እንቦጭ የሚባለው አረም ጠመንጃ አልያዘም፤ ውልም አልፈረመም፤ ነገር ግን የዓሣ አጥማጁን መንገድ ይዘጋል። ጣና በ2007 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። መመዝገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መዝገብ አረም አይነቅልም፥ ብራናንም ከብል አይጠብቅም።

ስለዚህ ክቡራን አባቶችና እናቶች፤ የዚህን ገጽ ነገር በቤታችሁ እንዲህ አድርጉት። ልጃችሁ በተከዜ ዳር ቆሞ ውሃው ወዴት ይሄዳል ብሎ ሲጠይቅ፥ «ወደ ሱዳን» ብላችሁ አትተዉት። ከአትባራ ከሚያገኘው ወንድሙ ጋራ እንደሚገናኝ ንገሩት፤ ያ ወንድሙ በሚወጣበት በር ላይ አንዲት ትንሽ ደሴት እንዳለች፥ በእርስዋም ላይ መጻሕፍትን ከእሳት፥ ሃይማኖትን ከግዳጅ፥ ርስትን ከባዕድ ውል የጠበቁ ሰዎች እንደ ኖሩ ንገሩት። ዕድሜውም ሲደርስ ይዛችሁት ሂዱና በታንኳ አሻግሩት፤ ወር በገባ በ21 የእመቤታችን በዓል ነውና በዚያ ቀን ቢሆን ይበልጥ ያማረ ነው። ደሴቲቱን በዓይኑ ያየ ልጅ ነገ ሹም ሆኖ ስለ ውሃ የሚጻፍ ወረቀት ቢቀርብለት፥ ከመፈረሙ በፊት በውሃው ዳር ማን እንደሚኖር መጠየቅ አይረሳም።