የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲከስር ማን ምን ያገኛል?

ጥቅምት ገብቶ ቀይ ቡና መለቀም ሲጀምር፣ ከአጋሮ እስከ ሊሙ ገነት፣ ከማና እስከ ጌራ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ከምንም በላይ የሚፈልጉት ጥሬ ገንዘብ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። ገበሬው አመሻሽ ላይ ያስመዘነውን እሸት ዋጋ እዚያው ይጠብቃል። ጣቢያው በየምሽቱ እንዲህ ሲከፍል ሁለት ወር ያህል ይቆያል። ቡናው ግን ታጥቦ፣ አልጋ ላይ ደርቆ፣ ተጭኖና ደረጃ ወጥቶለት እስኪሸጥ ወራት ይፈጃል። ይህን ክፍተት የሚሞላው የባንክ ብድር ነው። ብድሩ ሲያልቅ ደግሞ የሚሞላው ገበሬው ነው፤ በዱቤ።

ዋጋ ከተረጋጋ ወይም ከጨመረ ሁሉም ሒሳቡን ያገኛል። ችግሩ ሲወርድ ነው። በ2003 ዓ.ም. ግንቦት ገደማ የአረቢካ ቡና ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ3 ዶላር አልፎ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ 1 ዶላር ግድም ወረደ። ከዚያ በፊት በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ከ50 ሳንቲም በታች ወርዶ ያውቃል። እሸቱን በውድ ገዝቶ የታጠበውን በርካሽ የሸጠ አቅራቢ የሥራ ስንፍና ባይኖርበትም ዕዳ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ የባንኩ ወለድ ይዘገያል፤ ቀጥሎ አልጋ ላይ ቡና የሚለቅሙት ሴቶች የቀን ሒሳብ ይቆማል፤ ገበሬውም «ሰኞ ና» ይባላል።

እዚህ ላይ ሕጉ ብዙ ሰው ከሚገምተው ቀድሞ ይገባል። አንድ ነጋዴ ወይም የንግድ ማኅበር ከሰረ የሚባለው ንብረቱ ሲያልቅ አይደለም። የደረሰበትን ዕዳ መክፈል ሲያቆም ነው። ጣቢያው፣ ማሽኑና መሬቱ ሚሊዮኖች ሊያወጡ ይችላሉ፤ መክፈያ ቀኑ የደረሰ ዕዳ ካልተከፈለና ወደፊትም እንደማይከፈል ከታወቀ ጉዳዩ ለፍርድ ቤት የበሰለ ነው። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 15 መሠረት የመክሰር ጉዳይ የሚታየው በከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ባለዕዳው ራሱ ማመልከት ይችላል፤ ገንዘብ ጠያቂም ይችላል። ባንክ ገንዘብ ጠያቂ ነው፤ ጆንያ ሻጩም፣ የጭነት መኪና አከራዩም፣ ሦስት ኩንታል እሸት በዱቤ ያስረከበው ገበሬም ገንዘብ ጠያቂ ነው። ይህን የመጨረሻውን ደጋግሜ ብለው ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ራሱን እንደዚያ የሚቆጥር ገበሬ ጥቂት ነው።

ፍርድ ቤቱ መክሰሩን ካወጀ በኋላ ንብረቱ ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ፍርድ ቤቱ በሚሾመው ንብረት ጠባቂ ሥር ይገባል። ከዚያ ወዲያ የቀደመ ሁሉ የሚወስድበት ሩጫ ይቆማል። እያንዳንዱ ገንዘብ ጠያቂ ማስረጃውን ይዞ ይቀርባል፤ ዕዳው ይመረመራል፣ ይመዘገባል፤ ንብረቱ ይሸጣል፤ ገንዘቡ በሕግ በተቀመጠው ተራ ይከፋፈላል። ለምሳሌ ጣቢያው በ8 ሚሊዮን ብር ተሸጠ እንበል። መያዣ ያለው ባንክ 6 ሚሊዮኑን ወሰደ። የሥነ ሥርዓቱ ወጪና የሠራተኞች ደመወዝ 800 ሺህ ሆነ፤ የሠራተኛ ክፍያ ቅድሚያ እንዳለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደንግጓል። ግብር የለበትም ብንል 1.2 ሚሊዮን ይቀራል። መያዣ የሌላቸው ሁሉ ተደምረው የሚጠይቁት 4 ሚሊዮን ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ብር 30 ሳንቲም ይደርሳል። 50 ሺህ ብር የቀረበት ገበሬ 15 ሺህ ያገኛል። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከጎረቤቱ ጋር በእኩል መጠን ያገኘው ነው። የባለቤቱ ዘመድ ስለሆነ ሙሉውን፣ ሩቅ ሰው ስለሆነ ባዶ እጁን የሚሄድ አይኖርም።

ሕጉ ወደኋላም ዞሮ ያያል። ባለዕዳው መክፈል ካቆመ በኋላ አይሱዙውን ለሚስቱ ወንድም በስጦታ ቢያዞር፣ ወይም ቀኑ ያልደረሰውን የወዳጁን ዕዳ አስቀድሞ ቢከፍል፣ ንብረት ጠባቂው ያንን አስፈርሶ መኪናውን ወደ ጋራው ንብረት ሊመልስ ይችላል። ገበሬው ብቻውን ክስ ቢያቀርብ እንዲህ ያለ መሣሪያ በቀላሉ አያገኝም።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ከሽያጭ በፊት ሌሎች በሮችንም ከፍቷል። ችግሩ ገና ሲታይ ከገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ዕዳን አስቀድሞ ማስተካከል አለ፤ ክፍያ ካቆመ በኋላም ድርጅቱ ሥራውን እየሠራ በዕቅድ ዕዳውን የሚከፍልበት መልሶ ማደራጀት አለ፤ ለአነስተኛ ድርጅቶች የቀለለ ሥርዓትም አለ። ለቡና ከተሞች ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል። ማጠቢያ ጣቢያ ቁልፍ ተደርጎበት ገዢ የሚጠብቅ ንብረት አይደለም። ያለ ጥበቃ አንድ ክረምት ያደረ ጣቢያ የአልጋው ሽቦ ተቆርጦ፣ እግሩ ለማገዶ ተነቅሎ፣ መፈልፈያው ዝጎ ይገኛል። ውኃው የሚወርድበት ቦይ በደለል ይሞላል። እየሠራ ቢሸጥ ወይም እየሠራ ቢከፍል ግን ዋጋው ሌላ ነው።

ለዚህ ሕግ አገሩ አዲስ አይደለም። በድሮ ዘመን ባለዕዳና ገንዘብ ጠያቂ በልብሳቸው ጫፍ ተቋጥረው ቁራኛ ሆነው ይውሉ ነበር። በ1925 ዓ.ም. የመክሰር ሕግ ወጣ፤ በ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አምስተኛው መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ ለመክሰርና ለመጠበቂያ ስምምነት ተሰጠ። ይህ ሁሉ ተጽፎም በሥራ ላይ የዋለው ጥቂት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ስሙ የሚነሳው መኪና ገጣጣሚው ሆላንድ ካር ነው፤ በ2000ዎቹ አጋማሽ ከስሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በቡና ንግድ ግን የወደቀው ብዙ ሆኖ፣ በዚህ በር ያለፈው እጅግ ትንሽ ነው።

ምክንያቱ አንዱ አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ የንብረቱ አድራሻ፣ የመነሻ ዋጋ፣ የጨረታው ቀንና ሰዓት። ባንኩ የአስቀማጮችን ገንዘብ ነው የሚያስመልሰው፤ በዚህ አልወቅሰውም። ነገር ግን ባንኩ ሒሳቡን ከዘጋ በኋላ ሌላውን ገንዘብ ጠያቂ የሚሰበስብ አካል የለም። ሁለተኛው ምክንያት ቼክ ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል፤ ስለዚህ ቼክ የያዘ ነጋዴ ወደ ፖሊስ ይሄዳል፣ ባለዕዳው ይታሰራል ወይም ከተማውን ለቆ ይጠፋል። የታሰረ ሰው ደግሞ የደረቀውን ቡና አይሸጥም፤ የሸሸውም ዘንድ ሒሳብ መዝገብ አይገኝም። ቼክ ያልያዘው ገበሬና የቀን ሠራተኛዋ በሁለቱም መንገድ ውጭ ይቀራሉ።

ጣቢያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሲሆን ነገሩ ይለያል። አጋሮ አጠገብ እንዳለውና በ2004 ዓ.ም. በአፍሪካ የቡና ቅምሻ ውድድር አንደኛ እንደወጣው ዱሮሚና ያሉ ማኅበራት የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር ሲፈርስ ሒሳብ አጣሪ የሚሾመው የኅብረት ሥራ ባለሥልጣኑ ነው፤ ገበሬውም በአንድ ጊዜ አባልም ገንዘብ ጠያቂም ሊሆን ስለሚችል፣ ድርሻውንና ያስረከበውን እሸት ለየብቻ ማስመዝገብ ይኖርበታል።

የግል ጣቢያ ላይ ገንዘብ የቀረበት ሰው ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ወረቀት ነው፤ ቀኑ፣ ኪሎው፣ የኪሎው ዋጋና የተረካቢው ፊርማ ያለበት። ሚዛን ላይ በቃል ብቻ የተያዘ ሒሳብ ንብረት ጠባቂ ፊት ሲቀርብ የሚያቆመው ምስክር ይፈልጋል። አሥርና ሃያ ሆነው በአንድ ጠበቃ ቢያመለክቱ ወጪው ይቀልላቸዋል። ጊዜውም ወሳኝ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረትም መያዣ ሆኖ መመዝገብ ስለሚችል፣ መጋዘን ያለው ቡና ለማን እንደተያዘ መዝገቡን ማየት ይቻላል። ያልተያዘ ቡና ካለ፣ ማመልከቻው ፍርድ ቤት መግባት ያለበት ቡናው ከመጋዘን ሳይወጣ ነው።