የሌዘር ማይክሮስኮፕ ምስል መዛባትና ማረሚያው

በሶደሬና በአዳማ አካባቢ ቲማቲም በመስኖ ለሚያለሙ ማኅበራት፣ ሥር ላይ እባጭ የሚያወጣው ጥቃቅን ትል (ኔማቶድ) ብርቱ ጠላት ነው።

ዝርያውን መለየት ለምን ያስፈልጋል?
ኤምአይ የተባለውን ጂን የያዙ የቲማቲም ዘሮች ሜሎይዶጋይን ኢንኮግኒታን ሲቋቋሙ፣ ሜሎይዶጋይን ሀፕላን አይቋቋሙም። ሁለቱ ከሚለዩባቸው ምልክቶች አንዱ በሴቷ ትል የኋላ ጫፍ የሚታየው የቆዳ መስመር ነው። የመጀመሪያዋ ቅስት ከፍ ያለ፣ የሁለተኛዋ ዝቅና ክብ ያለ ነው። ስለሆነም የተለጠጠ ምስል የማይጠቅም ዘር ሊያስገዛ ይችላል።

የመዛባቱ ምክንያት
ጨረሩን በናሙናው ላይ የሚያመላልሰው ተወዛዋዥ መስተዋት በመካከል ይፈጥናል፤ በዳር ለመመለስ ይዘገያል። በሬዎች ሲዞሩ ቢዘገዩና ከማረሻው ኋላ በቆሎ የሚጥለው ሰው እጁን ባያዘገይ፣ ዘሩ በማሳው ዳር ይበዛል። እንዲሁም መሣሪያው ነጥቦችን በእኩል ጊዜ ልዩነት ከያዘ ነጥቦቹ በዳር ይበዛሉ፤ ምስሉም በግራና በቀኝ ይለጠጣል።

ማረሚያው
1. እኩል የተራራቁ መስመሮች ያሉበት የመለኪያ ብርጭቆ ይቃኛል።
2. የመስመሮቹ ርቀት በመካከልና በዳር፣ በአግድምና በቁመት ይለካል።
3. በልዩነቱ መሠረት ኮምፒዩተር ነጥቦቹን ወደ ቦታቸው ይመልሳል።
4. ናሙናው በዚያው የማጉላት መጠንና ፍጥነት ይቃኛል።

ለኤክስቴንሽን ሠራተኞች
ያበጠው ሥር ከእርጥብ አፈሩ ጋር በፕላስቲክ ከረጢት ሆኖ፣ ከፀሐይ ተጠብቆ ለምርመራ ይላክ። ውጤቱ ሲመጣ ምስሉ በመለኪያ ብርጭቆ መታረሙን ጠይቆ ማረጋገጥ እንደሚገባ እናሳስባለን። ማኅበሩም ዘር የሚገዛው ከዚህ በኋላ ይሁን።