በባልትና ገበያ ወሳኙ የቤት እመቤቷ ምላስ ነው

ልምድ ያለው የበርበሬ ደላላ የማረቆውን ዛላ ጠቆር ባለ ቀይ ቀለሙ ያውቀዋል። የተፈጨ በርበሬ ግን ካልተቀመሰ አይታወቅም። በርበሬ አሽጎ ለመሸጥ ያሰበ ባለሀብት ፈተና የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

ዛላው ከተቀነጠሰና ከደረቀ በኋላ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በበሶብላና በጤና አዳም ይደለዛል፤ እንደገና ተሰጥቶ ከኮረሪማ፣ ከአዝሙድና ከጨው ጋር ወፍጮ ቤት ይሄዳል። መጠኑ ግን እንደየቤቱ ነው። አንዷ ኮረሪማ ታበዛለች፤ ሌላዋ የጤና አዳም ሽታ አትወድም፤ ፍሬው ሲበዛ ቀለሙ ይነጣል ብላ የምታራግፍም አለች። ከእናት የተወረሰ መጠን በማስታወቂያ አይለወጥም። አሜሪካ ላለ ልጅ በርበሬ በሻንጣ የሚላከው እዚያ የሚሸጥ ጠፍቶ አይደለም።

ጥርጣሬም አለ። የሸክላ ዱቄት ይቀላቀልበታል የሚለው ሥጋት ብዙዎችን ዛላ ገዝተው ራሳቸው እንዲያስፈጩ አድርጓል።

ስለዚህ በእኛ ግምት የተሻለው ትርፍ አንድ ዓይነት ጣዕም በብዛት አምርቶ ከማሸግ ይልቅ፣ የተለቀመ ዛላ ማቅረብና በደንበኛዋ መጠን አዘጋጅቶ ማስፈጨት ላይ ነው። ትእዛዝ የሚቀበሉ ባልትና ቤቶች ይህን ቀድመው ተረድተውታል።

አደጋው ክምችቱ ነው። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨበት ዛላ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል፤ ከሻጋታው የሚመጣው አፍላቶክሲን ደግሞ በወፍጮም ሆነ በምጣድ አይጠፋም። የአውሮፓ ኅብረት ለደረቀ በርበሬ የሚፈቅደው በኪሎ በድምሩ እስከ 10 ማይክሮግራም ብቻ በመሆኑ፣ ላኪ ነጋዴ ጆንያውን ሲረከብ እርጥበቱን አስለክቶ ቢገዛ ይሻለዋል።