ረጅሙ ተወዳዳሪና በልክ የሚሠራው ፍሬም
ሲገዙት ውድ፣ ሲሸጡት ገዥው ጥቂት የሆነ ዕቃ

መርካቶ ውስጥ ኮት በሁለት መንገድ ይገዛል። አንደኛው ተሰፍቶ የተሰቀለው ነው። ሁለተኛው ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ደንበኛውን ከትከሻ እስከ ክንድ ለክቶ የሚሰፋው ነው። የተሰቀለውን ኮት ዛሬ ያልገዛው ደንበኛ ቢኖር ነገ ሌላው ይገዛዋል። ተለክቶ የተሰፋው ግን ባለቤቱ ሊሸጠው ሲያወጣ የሚጠብቀው ያንኑ ቁመትና ትከሻ ያለውን ሰው ነው። ነጋዴ ይህን ልዩነት ለመረዳት የኢኮኖሚክስ ትምህርት አያስፈልገውም።

ይኸው ልዩነት፣ ከኮት እጅግ በሚበልጥ ገንዘብ፣ በአሜሪካ የባለ አራት ጎማ ሞተር (ኤቲቪ) እሽቅድምድም ገበያ ውስጥ በየዓመቱ ይታያል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 የሆነ ተወዳዳሪ ፋብሪካ በሠራው ሞተር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጋጫል፤ ሲቆም ወገቡ ይጎብጣል። ፋብሪካው ሞተሩን የሠራው መካከለኛ ቁመት ላለው ሰው ነውና። እንግዲህ ተወዳዳሪው ምን ያድርግ? ሙሉ ፍሬም (መካኒኮቻችን ሻንሲ የሚሉት ዓይነት ማለት ነው) በልኩ ያሠራ ወይስ ያለውን ያስተካክል? ጥያቄው የምቾት ቢመስልም ዞሮ ዞሮ የካፒታል ጥያቄ ነው።

ገበያው እንዴት ተፈጠረ?

ሆንዳ የመጀመሪያውን ባለ ሦስት ጎማ ሞተር በአሜሪካ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። ሱዙኪ በ1983 ባለ አራት ጎማውን አስከተለ። በ1985 የሱዙኪ ኤልቲ250አር፣ በ1986 ደግሞ የሆንዳ ቲአርኤክስ250አር ለእሽቅድምድም የሚሆኑ ፈጣን ሞተሮች ሆነው ወጡ። ይሁን እንጂ በተለይ በባለ ሦስት ጎማዎቹ ይደርስ የነበረው አደጋ በመብዛቱ መንግሥት ጣልቃ ገባ። በ1988 ዋና ዋናዎቹ አቅራቢዎች ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት በጸደቀ ስምምነት አዲስ ባለ ሦስት ጎማ መሸጥ አቆሙ። ስምምነቱ ለአሥር ዓመት የሚጸና ነበር። ሆንዳ 250አርን ከ1989 ሞዴል በኋላ አቋረጠ። ሱዙኪም ከ1992 በኋላ የራሱን አቆመ።

ፋብሪካው ከገበያው ቢወጣም ተወዳዳሪው አልወጣም። ሞተሩ (ኢንጅኑ) አሁንም ፈጣን ነበር፤ የሚያረጀውና የሚሰነጠቀው ፍሬሙ ነበር። በዚህ ክፍተት እንደ ሌገር፣ ሮል ዲዛይን፣ ሎን ስታር ሬሲንግና ዋልሽ ሬስክራፍት ያሉ አነስተኛ አምራቾች ስም አተረፉ። የቆየውን ኢንጅን የሚሸከም አዲስ ፍሬም፣ ከፋብሪካው የረዘመ የፊት ክንድና የተሻለ አሞርዛተር ይዘው ቀረቡ። አቅርቦት ሲቋረጥ ፍላጎት ካልሞተ፣ መሐል ላይ የሚገባ አይጠፋም።

ትልልቆቹ ቆይተው ተመለሱ። ሆንዳ በ1999 400ኢኤክስን፣ በ2004 ደግሞ ቲአርኤክስ450አርን አወጣ። ያማሃም በዚያው በ2004 ዋይኤፍዜድ450ን፣ ሱዙኪ በ2006 ኤልቲ-አር450ን አቀረቡ። የፋብሪካ ፍሬም እየተሻሻለ በሄደ መጠን የአነስተኛው ወርክሾፕ ደንበኛ እየተለየ መጣ። መካከለኛ ቁመት ያለው ተወዳዳሪ ፋብሪካው ይበቃዋል። ረጅሙ ግን አሁንም ወርክሾፑን በር ያንኳኳል።

በመጀመሪያ ርካሹን ኢንች

የሰውየውን አቀማመጥ የሚወስኑት ሦስት ነጥቦች ናቸው፤ መቀመጫው፣ የእግር ማሳረፊያውና መሪው። እነዚህን በመስመር ብናገናኛቸው ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ። የረጅሙ ሰው ችግር ሦስት ማዕዘኑ መጥበቡ ነው። ፍሬሙን ሳይነኩ ይህን ለማስፋት አራት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ከፍ ያለ መሪ መግጠም ነው። ሁለተኛው መሪውን የሚሸከመውን ዘንግ በአንድ ወይም በሁለት ኢንች በሚረዝም መለወጥ ነው። ተወዳዳሪው ብዙውን ጊዜ የሚነዳው ቆሞ በመሆኑ ወገቡን ከመጉበጥ የሚያድኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ሦስተኛው የእግር ማሳረፊያውን ዝቅ ማድረግ ነው። ጉልበት ይፈታል፤ ነገር ግን ማሳረፊያው ወደ መሬት ስለሚቀርብ በጥልቅ የጎማ ቦይ ውስጥ መጋጨቱ አይቀርም። አራተኛው የመቀመጫውን ስፖንጅ ማወፈር ነው።

የአራቱም የጋራ ጥቅም በቡሎን ተፈትተው መነሳታቸው ነው። ባለቤቱ ካልተመቸው ያነሳቸዋል፣ ለብቻቸው ይሸጣቸዋል፣ ሞተሩም እንደ ነበረ ይሆናል። መመለሻ መንገድ ያለው ወጪ ነው።

ሆኖም ርካሽ ኢንች ሁሉ ነፃ አይደለም። መቀመጫን ከፍ ማድረግ ሰውየውን ከፍ ያደርጋል፤ ከፍ ያለ ክብደት ደግሞ ለመገልበጥ ይቀርባል። ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩና ነጂው በአንድነት ወደ ጎን እንዳይገለበጡ የሚይዛቸው፣ የስፋቱ ግማሽ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ስፋቱ 48 ኢንች፣ የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 30 ኢንች ቢሆን፣ 24 ለ30 ሲካፈል 0.80 ይሆናል። የነጂው ክብደት ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛ ነው እንበል። መቀመጫው 3 ኢንች ሲነሳ የጋራው ማዕከል 1 ኢንች ይነሳል። የረጅም ሰው ቁመት ራሱ ግማሽ ኢንች ቢጨምርበት ማዕከሉ 31.5 ላይ ይደርሳል። የቀድሞውን 0.80 ለማስመለስ ስፋቱ 50.4 ኢንች መሆን አለበት።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የኤቲቪ ሞቶክሮስ ውድድር የሚፈቀደው ከፍተኛ ስፋት 50 ኢንች ነው። የ2004ቱ ያማሃ ዋይኤፍዜድ450 ወደ 46 ኢንች ሲሰፋ፣ በ2009 የወጣው ዋይኤፍዜድ450አር ወደ 49 ኢንች ደርሷል። ፋብሪካው ራሱ ጣሪያውን ሊነካ ምንም ያህል አልቀረውም። ስለዚህ ረጅሙ ተወዳዳሪ በቁመት ያጣውን ሚዛን በስፋት ልግዛው ቢል የሚሸጥለት የለም። ያለው አማራጭ መቀመጫውን ከማንሳት ይልቅ እግሩንና መሪውን ማራቅ ነው። በልክ የተሠራ ፍሬም ትክክለኛ ዋጋውን የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው።

ፍሬሙ ምን ይሰጣል?

ጥሩ ፍሬም ሠሪ መቀመጫውን ሳያነሳ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ የመሪውን ዘንግ ወደ ፊት ያርቀዋል፣ ኢንጅኑን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ሦስት ማዕዘኑ ሰፋ፣ ክብደቱም አልተነሳም ማለት ነው። ነገር ግን እዚህም ዋጋ አለው። የሰውየው ክብደት ወደ ኋላ ሲሄድ የፊት ጎማዎች ይቀላሉ፤ በመታጠፊያ ላይ ሞተሩ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል። ርዝመቱ ሲጨምር በቀጥታ መስመር ይረጋጋል፤ በጠባብ መታጠፊያ ግን ይዘገያል። ከአንዱ ጥግ የተወሰደው ኢንች በሌላው ጥግ ይከፈላል።

የሚሠራበት ብረት ምርጫም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በልክ የሚሠሩት ፍሬሞች በብዛት ክሮሞሊ ከሚባለው የብረት ቱቦ፣ በቁጥሩ 4130፣ በአርጎን ብየዳ ይሠራሉ። አሉሚኒየም በአንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር 2.7 ግራም ሲመዝን ብረት 7.85 ግራም ይመዝናል። ይህን ብቻ ያየ ሰው አሉሚኒየም ይሻላል ሊል ይችላል። ነገር ግን የአሉሚኒየም ግትርነትም ከብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ በመሆኑ ወፍራም ቅርጽ ይፈልጋል። የተለመደው 6061 አሉሚኒየም ደግሞ ብየዳው ባረፈበት ዙሪያ ጥንካሬውን ስለሚያጣ፣ መልሶ ለማጠንከር በምድጃ መታከም አለበት። ስስ የክሮሞሊ ቱቦ ግን ተበይዶ በዚያው ሥራ ላይ ይውላል፤ ሲሰነጠቅም ያው በያጅ ይጠግነዋል። የካዋሳኪ ኬኤፍኤክስ450አር እና የካን-አም ዲኤስ450 እ.ኤ.አ. በ2008 በአሉሚኒየም ፍሬም የወጡት ፋብሪካዎቹ የመሣሪያውን ወጪ በሺህ በሚቆጠር ምርት ላይ ስለሚያካፍሉት ነው። አንድ ፍሬም ለአንድ ሰው የሚሠራ ወርክሾፕ ይህ ዕድል የለውም።

«በልክ» ሲባል የቱ ልክ?

ገዥ መጠንቀቅ ያለበት ቃል ቢኖር ይህ ነው። ወርክሾፕ ቱቦዎቹን አስሮ የሚበይድበት ቋሚ ማሰሪያ አለው። ማሰሪያው ለእያንዳንዱ ሞዴል አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ወጪውም በሚሸጡት ፍሬሞች ሁሉ ላይ ይከፋፈላል። ስለዚህ ሠሪው ከማሰሪያው ባይወጣ ይመርጣል። ብዙ ጊዜ «በልክ» የሚባለው በማሰሪያው ላይ የተሠራ መደበኛ ፍሬም ሆኖ፣ የተለወጠው የእግር ማሳረፊያው ቦታ ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም። ነገር ግን ለአንድ ኢንች የሙሉ ፍሬም ዋጋ መክፈል ይሆናል።

የጭነት መኪና ሻንሲ ገዝቶ አካሉን በልክ ያሠራ የአገራችን ባለንብረት የሚከተለውን ደንብ ያውቀዋል። ቀብድ ከመስጠት በፊት ልኩ በወረቀት ይስፈር። ከመቀመጫ እስከ እግር ማሳረፊያ፣ ከእግር ማሳረፊያ እስከ መሪ፣ ከመሬት እስከ መቀመጫ ያለው ርቀት፣ አሁን ያለውና የሚሠራው ጎን ለጎን ይጻፍ። የማስረከቢያው ቀን፣ ፍሬሙ ቢሰነጠቅ ማን እንደሚጠግነው፣ ሥራው ቢዘገይ ቀብዱ እንዴት እንደሚመለስ አብሮ ይጻፍ። ቀብድ የተቀበለ አነስተኛ ወርክሾፕ በገዥው ገንዘብ የሌላውን ደንበኛ ቱቦ የገዛበት ጊዜ አለና።

ሙሉ ወጪው

በልክ የተሠራ ፍሬም ብቻውን አይመጣም። አብዛኛውን ጊዜ የራሱን የፊት ክንድ፣ የራሱን የመሪ ዘንግ፣ ለነጂው ክብደት የተስተካከለ ሞላና አሞርዛተር ይፈልጋል። ለስሌት እንዲመች ፍሬሙን 100 ብር እንበለው። ተከታዮቹ ዕቃዎች 60፣ መፍታትና መግጠም 20 ቢሆኑ ጠቅላላው 180 ነው። ገዥው በ100 ተስማምቶ 180 የሚከፍልበት ምክንያት ይህ ነው።

ከዚህ ሌላ የውድድሩ ደንብ አለ። ፕሮዳክሽን በሚባሉት ምድቦች የሚፈለገው የፋብሪካው ፍሬም ነው። በልክ ያሠራ ሰው ወደ ሌላ ምድብ ይሄዳል፤ እዚያ የሚጠብቁት ተፎካካሪዎች ደግሞ እንደሱ ብዙ ያወጡ ናቸው። ስለዚህ ደንቡ ከቀብዱ በፊት መነበብ አለበት።

የሻንሲ ቁጥሩም ሊረሳ አይገባም። የንብረት ማስረጃ የሚከተለው ፍሬሙን ነው። አዲስ ፍሬም ሲገባ ማን እንደሠራውና ለማን እንደሸጠው የሚገልጽ የአምራቹ ማስረጃ ካልተያዘ፣ በሽያጭ ጊዜ ገዥው በትክክል ይጠረጥራል።

የሽያጩ ቀን

እሽቅድምድም የሚተው ሰው ይሸጣል። በዚያን ቀን ገበያው ለ1 ሜትር ከ90 የተሠራውን ሞተር የሚጠይቀው ማነው? ያንኑ ሞዴል የሚወድ፣ ያንኑ ቁመት ያለው፣ ገንዘብም የያዘ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ገዥ ከተገኘ ዋጋ ይሰጣል። ካልተገኘ ሞተሩ እየተፈታ ኢንጅኑ ለአንዱ፣ ጎማው ለሌላው ይሸጣል፤ ፍሬሙም ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ለአንድ ጥቅም ብቻ የታሰረ ሀብት የምንለው ይህ ነው።

መከላከያው ግን ርካሽ ነው፤ የፋብሪካውን ፍሬም አለመሸጥ። ብዙዎች አዲሱን ለመግዛት አሮጌውን በጥቂት ገንዘብ ይለቁታል። ያስቀመጠው ሰው ግን በሽያጩ ቀን በስሌታችን 20 ብር የመግጠሚያ ዋጋ ከፍሎ ሞተሩን ወደ መደበኛው ይመልሳል፤ ለመካከለኛ ቁመት ሰው፣ ማለትም ለብዙኃኑ ገበያ፣ ያቀርበዋል። በልክ የተሠራውንም ለብቻው አስቀምጦ ረጅሙን ገዥ ሳይቸኩል ይጠብቃል።

በቅደም ተከተል ሲቀመጥ እንዲህ ነው። መጀመሪያ መለካት። ቀጥሎ መሪ፣ ዘንግና የእግር ማሳረፊያ ለውጦ አንድ የውድድር ወቅት መንዳት። ከዚያ በኋላ የጎደለውን ኢንች በቁጥር መጻፍ። የጎደለው አንድ ኢንች ከሆነ ፍሬም አያስፈልግም። ሦስት ወይም አራት ከሆነና መቀመጫውን ማንሳት ብቻ የቀረ መንገድ ከሆነ፣ ያን ጊዜ 180ውን ማውጣት ተገቢ ነው፤ አሮጌው ፍሬም ዘይት ተቀብቶ መጋዘን እስከተቀመጠ ድረስ።