የቤት ሒሳብና የአገር ሒሳብ

በውጫሌ ገበያ አንድ ገበሬ ማሽላውን ይሸጣል። በገንዘቡ ጨውና ዘይት ይገዛል። ምን ሸጠ? ምን ገዛ? ምን ተረፈው? ይኼ የአንድ ቤት ሒሳብ ነው።

አገርም ሒሳብ አላት። በዓመት ምን ያህል አመረትን? ኑሮ ስንት ተወደደ? ስንት ሰው ሥራ አጣ? መንግሥት ምን ያህል ግብር ሰበሰበ፣ ስንትስ ተበደረ? ይኼን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ የሚመረምረው ትምህርት ማክሮ ኢኮኖሚክስ ይባላል። ስሙ ከበድ ይላል እንጂ ነገሩ ከእርሻችን አይርቅም።

ማዳበሪያን እንይ። ማዳበሪያ በመርከብ ይመጣል፤ የሚገዛውም በዶላር ነው። እስከ 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር። በዚያ ዓመት 5 ብር ገባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መንግሥት ካልደጎመ የማዳበሪያም ዋጋ አብሮ ይወጣል። በአምባሰል ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ዶላር በዓይኑ ባያይም፣ ዶላሩ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው።

ብድርም ዛሬ አልተጀመረም። የ1881ዱ የውጫሌ ውል ሲነሳ ሁሉም 17ኛውን አንቀጽ ያወራል። ግን በ1882 ዓ.ም. ተጨማሪ ስምምነት ተደርጎ ነበር። ኢጣልያ 4 ሚሊዮን ሊሬ ልታበድር፣ የሐረር ጉምሩክም መያዣ ሊሆን ተስማሙ።

ድምሩ ብቻ ግን ሰውን ይደብቃል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሀብ አለቀ። አማርትያ ሴን የተባሉ ሕንዳዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ነገሩን መርምረውታል። በአገሪቱ የነበረው እህል በጠቅላላው ብዙ አልጎደለም። በደሴ ገበያም ዋጋው ሰማይ አልወጣም። ታዲያ ሰው ለምን ሞተ? የወሎ ገበሬ አዝመራው ሲጠፋ የሚበላውም የሚሸጠውም አብሮ ጠፋ። ከብቱ ከሳ፤ ቢሸጠውም ዋጋ አላወጣለትም። እህል ቢኖርም መግዣ የለውም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባ ይጫን ነበር፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነዋ! የተራበው ሰው ደግሞ ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር።